ባሕር ዳር ላይ መኪናችሁ ደጋግማ የምትፈላ ከሆነ፦ ራዲያተርን ከክዳኑ ጀምሮ መጠገን

«ውሃ ጨምርባት፣ ትሄዳለች።» የከተማችን የራዲያተር ሕክምና በአብዛኛው ይኸው ነው። ትሄዳለችም። በሳምንቱ ግን እንደገና ትፈላለች። ከዚያ ራዲያተሩ ይቀየራል፣ ማኒኮቶው (ውሃ የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ) ይቀየራል፣ ዋተር ፓምፑ ይቀየራል። እንፋሎቱ ግን እዚያው አለ። እኔም ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ። አንድ ወር ሙሉ ጋራዥ ተመላልሼ፣ ደኅናውን ራዲያተር አስወልቄ ጥዬ፣ ችግሩ በመጨረሻ የተገኘው መዳፍ በማትሞላው ክዳን ላይ ነበር።

ስለዚህ ከክዳኑ እንጀምራለን። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኋላ የሚሠራውን ቀድሞ ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ፦ እዚህ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ባሕር ዳር አፋር አይደለችም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንኳ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። መኪናችንን የሚፈትናት ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ94 አካባቢ ይፈላል። ደጀን ወይም ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ በ92 አካባቢ።

አሁን ይህን ከሞተሩ ጋር አያይዙት። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) በ82 ወይም በ88 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው በ90ዎቹ ውስጥ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ግን፣ 0.9 (የሚይዘው ግፊት ቁጥር ነው) የተጻፈበት እንኳ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ላይ የመፍያውን ነጥብ 115 አካባቢ ያደርሰዋል። ሃያ ዲግሪ የሚያተርፍላችሁ አንድ ጎማና አንድ ስፕሪንግ ነው።

ደረጃ 1፦ መዘጋጀት

ሥራው የጠዋት ሥራ ነው። መኪናዋ ካደረችበት ሳትነሳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ «እስኪ ልየው» ብላችሁ ክዳኑን እንዳትነኩ።

እነዚህን አቅርቡ፦

• ሳፋና ባዶ ጀሪካን
• ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ
• ትልቅ ካርቶን
• ሁለት ሦስት አዲስ ፋሼታ (ማኒኮቶ የሚታሰርበት ቀለበት)
• ለስላሳ ብሩሽና የአትክልት ጎማ
• ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚገባ ፈሳሽ) እና ዲስቲልድ ውሃ

ውሃ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሱቅ ገብታችሁ «የባትሪ ውሃ» ካላችሁ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዱ ንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ሌላው አሲድ ነው። አሲድ ራዲያተር ውስጥ ከገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ባለሱቁንም ጠይቁ።

የቧንቧ ውሃስ? የቤታችሁን የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። የራዲያተር ቱቦዎች ደግሞ ጠባብ ናቸው። የጣና ውሃ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ በተለይ ክረምት ላይ ደለል ነው የምትቀዱት።

«እዚህ አገር ውሃ በረዶ አይሠራ፣ ኩላንት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ የዋተር ፓምፑን ማሸጊያ ይጠብቃል። ሲገዙ ቀለሙን ሳይሆን መለያውን እዩ። አረንጓዴና ቀይ የቀለም ጉዳይ ነው፤ ዓይነቱን አይነግራችሁም። የተለያየ ዓይነት ከተደባለቀ ረግቶ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ይሁን ያልተቀላቀለም ለዩ። ደረጃ 6 ላይ ለውጥ ያመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ሕፃን፣ ውሻ ወይም ከብት ባለበት ግቢ ሳፋውን ክፍት አትተዉ።

ደረጃ 2፦ ክዳኑ

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ። የላይኛውን ማኒኮቶ ጨብጡት። ለብ ካለ ጠብቁ።

2. ክዳኑን በጨርቅ ሸፍናችሁ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ካሰማ ቁሙ። ድምፁ ሲያልቅ ጫን አድርጋችሁ ጨርሳችሁ አውጡት።

3. የታችኛውን ጎማ እዩ። ተሰንጥቋል? ጠንክሯል? የራዲያተሩን አፍ ቅርጽ ይዞ ሰርጉዷል? አንዱ ካለ ክዳኑ አልቋል።

4. መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጉ። ስትለቋት ቶሎ መመለስ አለባት። ከቀረች ወይም ዝገት ከያዛት ክዳኑ አልቋል።

5. ስፕሪንጉን ጫኑት። ያለ ምንም ትግል ከወረደ አልቋል።

6. ክዳኑ የሚቀመጥበትን የራዲያተር አፍ ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። እዚያ ላይ ስንጥቅ ወይም የተጋገረ ነገር ካለ አዲስ ክዳንም አያሽግም።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር፣ 0.9 ወይም 1.1፣ አንድ ዓይነት ይሁን። «ትልቁን ልግጠምላት» አትበሉ። ግፊቱ ሲጨምር ያረጀው ማኒኮቶ ወይም የራዲያተሩ የፕላስቲክ ታንክ ሊፈነዳ ይችላል።

ክዳኑ ራዲያተሩ ላይ ሳይሆን ለብቻው በተቀመጠ የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ ላይ የሆነባቸው መኪኖች አሉ። ምርመራው ያው ነው።

ሳትከፍቱም ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ። ሞቃ ከመጣች በኋላ የላይኛው ማኒኮቶ ጠንከር ብሎ መወጠር አለበት። እየነዳችሁ ቆይታችሁም ከለሰለሰ ግፊት የለም። ጠዋት ላይ ደግሞ ማኒኮቶው እንደ ተጠባ ብርቱካን ተጨማድዶ ካገኛችሁት፣ ያቺ ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃለች። ሪዘርቭ ታንኩ (ከራዲያተሩ የተረፈ ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ) በየቀኑ እየሞላ ራዲያተሩ እየጎደለ ከሄደም ተጠርጣሪው ክዳኑ ነው። ወጪውን ውሃ መልሶ መሳብ አልቻለም።

ደረጃ 3፦ የሚያፈሰውን መፈለግ

ማታ ካርቶኑን ከሞተሩ ሥር አንጥፉ። ጠዋት እርጥበቱ የት እንዳለ እዩ። ከፊት ከሆነ ራዲያተሩ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ፤ ከቺንጊያው (ከሞተሩ ቀበቶ) በኩል ከሆነ ዋተር ፓምፑ ሊሆን ይችላል። የኤሲ ውሃ እንዳያሳስታችሁ። እሱ ንጹሕ ነው፣ አይሙለጨለጭም።

ካርቶኑ ደረቅ ከሆነና ውሃው ግን የሚጎድል ከሆነ በእጅ ባትሪ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ደረቅ ምልክት ፈልጉ። ኩላንት ሲተን ቀለሙን ትቶ ይሄዳል። በተለይ የፕላስቲኩ ታንክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተሉ። ያረጀ ራዲያተር አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው እዚያ ነው።

የመኪናዋን ምንጣፍም ንኩ። የፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ከረጠበና የሚጣፍጥ ሽታ ካለ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተገኘ የግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ ሂዱ። ክዳኑንም እዚያው ያስለኩ።

እነዚህን ካያችሁ ግን ራዲያተሩን ተዉትና ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ራስ) ዙሩ፦ የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ የማያባራ አረፋ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይህ የግቢ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 4፦ መጠገን

ማኒኮቶ። ጫፉ ላይ ብቻ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ከፈቀደ፣ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ በአዲስ ፋሼታ መልሱት። ሆዱ ካበጠ ወይም ሲጫን እንደ ደረቅ ቆዳ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ፋሼታውን እስኪቆርጠው አታጥብቁ።

የፕላስቲክ ታንክ። ሙቀት የሚችል ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ማጣበቂያ መለጠፍ ይቻላል። ቦታው ደረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀና ቅባት የሌለው ይሁን። ሌሊቱን ይደር። ይህ ግን ወደ ቤት ወይም ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚያደርስ ነው። በኤፖክሲ ዓባይ በረሃን ልውጣ አትበሉ።

የአሉሚኒየሙ ክፍል። አንድ ሁለት ቱቦ ከሆነ ራዲያተር ሠሪ ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ራዲያተር ይሻላል። የድሮዎቹ የመዳብ ራዲያተሮች ግን ደጋግመው ይበየዳሉ። ካላችሁ አትጣሉት።

እንቁላል፣ እርድ፣ ዱቄት። ቀዳዳ እንዲደፍንለት እነዚህን ራዲያተር ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ። እንቁላሉ ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል። ችግሩ ደኅናዎቹንም ቱቦዎች መድፈኑ ነው። በኋላ ሙቀቱ ሲመለስ ማጠብም አይፈታውም። እንቁላሉን ለቁርስ ተዉት።

ቴርሞስታት። «እዚህ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ተወልቆ የተጣለበት መኪና ስንት ነው! አታስወልቁ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞራል፤ ጭራሽ ይባስ ይሞቃል። ተጠርጥሮ ከሆነ ፈትሹት። በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ንከሩትና አፍሉት። ሲሞቅ መከፈት፣ ሲወጣ መዘጋት አለበት። አንድ የአካባቢያችን ነገር፦ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። ድስቱ እዚህ ከ94 ዲግሪ አያልፍም፤ ቴርሞስታቱ ሙሉ ለሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በግማሽ መከፈቱን አይታችሁ አትጣሉት።

ፋንና ቺንጊያ። ኤሲውን ክፈቱ። በብዙ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋኑ ወዲያው መዞር አለበት። ካልዞረ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራውን)፣ በመጨረሻ የፋኑን ሞተር። ፋኑ በቺንጊያ ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጊያውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ግፉት። ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ የሚያልፍ ከሆነ ላልቷል።

ደረጃ 5፦ ውጭውን ማጠብ

ይህን ቀላል ብላችሁ አትለፉት። የዘጌን ወይም የጢስ ዓባይን መንገድ የሚመላለስ መኪና ራዲያተሩ አቧራ ይጠጣል። ማታ በሐይቁ ዳር ስትነዱ ትንኙ ይጨመርበታል። ክረምት ላይ ጭቃው መጥቶ ሁሉንም ይለስነዋል።

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን።
2. ከኤሲው ኮንደንሰርና ከራዲያተሩ መሐል ያለውን ክፍተት በባትሪ እዩ። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው እዚያ ጋ ምንጣፍ ሠርቶ ይገኛል። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ ፌስታል አውጥቻለሁ።
3. የኤሌክትሪክ ገመዶችንና ሶኬቶችን በፌስታል ሸፍኑ።
4. ጎማውን ከሞተሩ በኩል ይዛችሁ ወደ ፊት እጠቡ። ቆሻሻው በገባበት ይውጣ። ከፊት ካጠባችሁ ወደ ውስጥ ትደፍኑታላችሁ።
5. የተጣመመውን ስስ ክንፍ በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አቅኑ።

ላቫጆ ከወሰዳችሁ ቁማችሁ እዩ። የእኔን ልጁ በከፍተኛ ግፊት ከቅርብ ነፋበት። ክንፎቹ እንደ ተረገጠ ሣር ተኙ። አየር በማያልፍበት ራዲያተር ውስጥ የቱንም ያህል ጥሩ ኩላንት ብትሞሉ ዋጋ የለውም።

ደረጃ 6፦ ማፍሰስና ውስጡን ማጠብ

1. ሳፋውን አስቀምጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ በእጅ አላሉ። ፕላስቲክ ከሆነ በፒንሳ አትታገሉት፤ ይሰበራል። እምቢ ካለ የታችኛውን ማኒኮቶ አውልቁ።

2. የወጣውን እዩ። ቡና የመሰለ ከሆነ ዝገት ነው። ዘይት ከተንሳፈፈበት ሥራውን አቁሙና ወደ ጋራዥ።

3. ዝጉ፣ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ ሞቃቱ ጫፍ አዙሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ሞተሩን አስነሱ። የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ከሞተሩ ውስጥ ያለውም ውሃ መዞር ጀምሯል።

4. አጥፉ። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አፍስሱ። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ እጅ የሚቃጠለውም እዚሁ ነው።

5. ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድገሙ። የመጨረሻው ዙር በዲስቲልድ ውሃ ይሁን።

የወጣውን ኩላንት ጀሪካን ውስጥ ከድናችሁ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡት። ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ የከተማችን ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

አሁን ስለ መጠኑ። ስታፈሱ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ። ስለዚህ ግማሽ ለግማሽ ቀላቅላችሁ ብትጨምሩ ኩላንቱ ይሳሳል። የመኪናዋን ጠቅላላ መጠን ከመጽሐፏ እዩ። 5 ሊትር ከሆነ መጀመሪያ ያልተቀላቀለውን ኩላንት 2.5 ሊትር ጨምሩ፤ የቀረውን በዲስቲልድ ውሃ ሙሉ። የተቀላቀለ ከገዛችሁ ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ ከመሙላታችሁ በፊት የቻላችሁትን ያህል ውሃ አፍስሳችሁ አውጡ።

ደረጃ 7፦ መሙላትና አየሩን ማስወጣት

አዲስ ኩላንት ሞልቶ በማግሥቱ «እንደገና ፈላች» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አየሩን አላወጣም። ውስጥ የቀረ አየር ከቴስታታው ሥር ይቀመጣል፤ ውሃ የማይነካው ብረት ይግላል።

1. የመኪናዋን አፍንጫ ዳገት ላይ አድርጋችሁ አቁሙ። ባሕር ዳር ሜዳ ነች፤ ዳገት ካጣችሁ የፊት ጎማዎቹን በወፍራም እንጨት ላይ አውጡ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማ በድንጋይ ደግፉ።

2. የማሞቂያው መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሞቃት።

3. ቀስ ብላችሁ፣ በቀጭኑ ሙሉ። እየሞላችሁ የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። ብቅ ብቅ የሚል አረፋ ታያላችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው። አየር ማስወጫ ብሎን ያላት መኪና ከሆነች ውሃ ብቻ እስኪወጣ ክፍት ይሁን።

4. ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩን አስነሱ። ውሃው ሲወርድ ጨምሩ።

5. የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅና አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ግጠሙ። ፋኑ እስኪነሳ ክፍት አድርጋችሁ አትጠብቁ። ሌላ ቦታ የተጻፈ መመሪያ እንዲህ ሊል ይችላል። እዚህ ግን ክዳን የሌለው ራዲያተር ፋኑ ሳይነሳ ሊፈላ ይችላል፤ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።

6. ክዳኑ ተገጥሞ ሞተሩን ተዉት። ፋኑ ተነስቶ መልሶ ሲቆም ሁለት ጊዜ እዩ። ከማሞቂያው የሚወጣው አየርም ትኩስ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ከሆነ አየር አለ፤ አጥፉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከቁጥር 3 ጀምራችሁ ድገሙ።

7. ሪዘርቭ ታንኩን በሁለቱ መስመሮች መሐል ሙሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ትንሽ ይጎድላል። ጨምሩ። ለሦስት ቀን እንዲሁ አድርጉ። በአራተኛው ቀንም ከጎደለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

መንገድ ላይ ከፈላች

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ፈተናው ከደጀን ወርዳችሁ የዓባይን ድልድይ ከተሻገራችሁ በኋላ ያለው ዳገት ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ሞተሩ በጣም በሚደክምበት ላይኛው ጫፍ፣ የውሃው መፍያ ነጥብም የወረደ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ውጡ፣ ኤሲውን አጥፉ፣ የሙቀት ጌጁን እዩ።

ጌጁ ከወትሮው ከፍ ማለት ሲጀምር የማሞቂያውን ፋን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ትቃጠላላችሁ፤ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ቀዩን ከነካ ወይም እንፋሎት ካያችሁ ወዲያው አጥፉ።

ኮፈኑን ክፈቱ፣ ከዚያ ራቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገት ላይ ከሆነ ከዚያም በላይ። አንድ ጊዜ ጎሃ ጽዮን ሳልደርስ ቆሜ፣ ቸኩዬ ጨርቅ ይዤ ወደ ክዳኑ ስዘረጋ አንድ የአይሱዙ ረዳት ከኋላ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ ይተዉት! ፊትዎ እንዲላጥ ነው?» እጁን አሳየኝ። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓት እይዛለሁ።

የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ ሞተሩን አስነስታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። የያዛችሁት የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከሆነ ይበቃል፤ ቤት ስትገቡ ታጥቦ ይቀየራል።

ማኒኮቶው ከተቀደደ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ በደንብ ወጥራችሁ ጠምጥሙበት፣ ሁለቱን ጫፍ በፋሼታ ወይም በሽቦ እሰሩ። ጥገናው ግፊት እንዳይፈታው ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አድርጉት። ግፊት የለም ማለት ግን በ94 ወይም ከዚያ በታች ትፈላለች ማለት ነው። ስለዚህ በዝግታ፣ እየቆማችሁ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ እስከ ቅርብ ከተማ ብቻ።

ከቀዘቀዘች በኋላ የዘይት ልኩን አውጥታችሁ እዩ። ወተት ከመሰለ ቁልፉን አትንኩት። ተጎትታ ትግባ፤ ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ከሆነ ደግሞ በገመድ ሳይሆን በጭነት መኪና ላይ ተጭና።